ሴኡል፣ የድመቶቹ ቤት

ዝናብ የመታት ድመት ልብስሽ ላይ ስትታከክ የሚቀረውን ሽታ ታውቂው የለ? ባለፈው ጎረቤት ቤት ተቀምጬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ድመት የምፈራ መሰላቸው።

ያኔ ሰበታ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አዲስ ማሽን ሲገዛ እኔንና አንዲት የቡራዩ ልጅ ለሥልጠና ደቡብ ኮሪያ ላኩን። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተቀሰቀሰበት ሰሞን ነው። በምንሄድበት ቀን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር ታናሽ ወንድሟ ሻንጣዋን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ አስኮ በእግር ሸኛት። «ያየሽውን ሁሉ ፎቶ አንሽልኝ» ብሏታል።

እሁድ ዕለት አሰልጣኛችን፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት፣ ከተማውን ሊያሳዩን ወሰዱን። በረዶ ጣል ጣል ያደረገበትን የድሮ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ይወጋ ነበር። ጓደኛዬ ያላነሳችው ነገር የለም። አገር ቤት ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ «ሲለቁት በአንዴ እልክለታለሁ» ትላለች። ገበያው ውስጥ በእንፋሎቱ መሃል ቆመን በቀይ ድልህ የተለወሰ የሩዝ ቂጣ በላን።

«በርበሬያቸው ስኳር አለው እንዴ!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መጨረሻ ላይ ድመቶች የሚርመሰመሱበት ካፌ አስገቡን። ጫማ አስወለቁን። ቤቱ ይሞቃል፤ የወተትና የእርጥብ ጸጉር ሽታ ይሸታል። አንዲት ግራጫ ድመት ጓደኛዬ ጭን ላይ ወጥታ ተኛች። ስልኳን ከዋይፋዩ ጋር እንዳገናኘችው መልእክቶች ተከታትለው ይጮሁ ጀመር።

«ተለቀቀ!» አለችኝ ደስ ብሏት።

ከፈተችው። የወንድሟ ፎቶ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ። የላከው የክፍል ጓደኛው ነው፤ የሰማች መስሎታል። ቤተሰቦቿ ግን ስትመለስ ሊያረዷት ደብቀዋት ነበር።

አጎቷ ጋ ደወለች። «ዮም?» አለች፣ መቼ ነው ስትል። ቀጥላ «ኤሳ?» አለች፣ የት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር በጥይት የተመታው። ከተቀበረ ሳምንት ሆኖታል።

አላለቀሰችም። እጇ ድመቷን መዳበሱን አላቆመም። አሰልጣኛችን ምንም ስላልገባቸው ፈገግ ብለው ፎቶ አነሱን። እኔ ወለሉ ላይ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እግሯን ያዝኩ። እስኪዘጉ ድረስ ከዚያ አልተነሳንም።

ስንመለስ ቡራዩ ድንኳኑ ፈርሷል። እናቷ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ከተላቀሱ በኋላ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ስትሰሚው ማን አጠገብሽ ነበር?» አሏት።

ወደ እኔ አመለከተች።

እናትየው መጥተው እጄን ሳሙ። «ገለቶሚ ልጄ፣ ገለቶሚ» እያሉ ደጋግመው አመሰገኑኝ። ከመቀመጥ ሌላ ያደረግኩት ነገር አልነበረም።