መዝሙርና ዘፈን የተደባለቁበት ሃርድ ዲስክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ መኮንን መጀመሪያ ያናገሩኝ «ሞንታርቦ ላይ አይቀመጥም» ብለው ነው። ደክሞኝ ልቀመጥበት ስል አዩኝ። አየር ጤና የሠርግ ዕቃ የሚያከራዩ ሰው ነበሩ፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሞንታርቦ። እኔ የተቀጠርኩት ወንበር ልወለውል ነው። ያ ትልቁ የድምፅ ሳጥን ሞንታርቦ እንደሚባል ራሱ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

ከሰዓት ላይ የካሴት ሳጥን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና «መዝሙሮቹን ለብቻ አውጪልኝ» አሉኝ። ካሴቶቹን እያገላበጥኩ ቆየሁ። «ምነው?» አሉ። «ጋሼ፣ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኳቸው። አልሳቁም። የሹራብ ክር አስመጡና እየቆረጡ በየካሴቱ ላይ ያስሩ ጀመር። አረንጓዴ መዝሙር፣ ቀይ ዘፈን፣ ሰማያዊ መንዙማ። «በቃ፣ አሁን አንቺም አነበብሽ» አሉኝ።

እኛ ሰፈር ይሄን መለየት ቀልድ አይደለም። ቅዳሜ የሙስሊም ኒካህ ትሠራለህ፣ እሁድ የኦርቶዶክስ፣ በሳምንቱ ደግሞ የጴንጤ። ጴንጤ ቤት ዘፈን አይነሳም። ኒካህ ላይ የመዝሙር ካሴት ብታስገባ ማን ሁለተኛ ይጠራሃል? ድንኳን ቢያፈስ ሰው ይቅር ይላል። ያለቦታው የተከፈተ ድምፅ ግን ሲወራ ይኖራል።

ጋሽ መኮንን ሲደክሙ ዕቃውን እኔ ገዛኋቸው። ካሴቱ ሲዲ ሆነ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ፣ ፍላሹ ላፕቶፕ ውስጥ ገባ። ካሴቶቹን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር የቀዳቸው ዲጄዬ ዳኒ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱም የልጆች አባት ሆኗል። ስማቸውን አልጻፈላቸውም። ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያለ ነው ያስገባቸው። ግን የጋሽ መኮንንን ቀለም አልተወም፤ የዲጄው ፕሮግራም ላይ መዝሙሩን አረንጓዴ፣ ዘፈኑን ቀይ አድርጎ በየዝርዝሩ መደበው። እኔም ስክሪኑን አይቼ የቱ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀለም ካለ ስም ምን ያደርጋል አልን። ካሴቶቹን ከጊዜ በኋላ ቴፑ በላቸው፤ የተረፈውንም ጣልነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ላፕቶፑ አረጀ። ትንሽ ከሠራ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከጋለ ይጠፋል። አንድ ልደት ላይ ሻማው ሊጠፋ ሲል እሱ ቀድሞ ጠፋ። ዳኒ «እትዬ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ያዋርደናል» አለኝ። ሌላ እንገዛለን አልኩት።

በዚያው ሳምንት የአስኮው ጋሽ ቶሎሳ ከልጃቸው ከሜቲ ጋር ቤቴ መጡ። የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጴንጤ። ሜቲ የምታገባው የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ነው፤ ኦርቶዶክስ፣ ዘመዱ ሁሉ እስክስታ ወዳድ። ስንት አማላጅ ተመላልሶ ነው አባትየው እሺ ያሉት።

«እትዬ ብርቄ፣ ነገሩን ያውቁታል» አሉኝ። «የቤተክርስቲያን ሰዎች ምሳ በልተው፣ መርቀው እስኪወጡ መዝሙር ብቻ። እሱም የድሮው የኦሮምኛ፣ ያ በካሴት የሰጠሁዎት። እነሱ ከወጡ የልጁ ወገን ይጨፍር፤ እኔ ጓሮ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

«አንዲት ዘፈን እነሱ ፊት ከተሰማች ግን ልጄን ከሙሽራ ወንበር አንስቼ ቤት አስገባታለሁ። እንግዳ አልል፣ ድግስ አልል።»

ሲወጡ ሜቲ ወደ ኋላ ቀረት አለችና እጄን ያዘችኝ። «እማማ፣ ያደርገዋል እኮ! አባቴን አያውቁትም።»

አርብ ዕለት ዳኒና እኔ አየር ጤና ከድር ጋ ሄድን። ከድር ኮምፒውተር ይሸጣል። እኛ አገር አሮጌውን ሰጥተህ፣ ላዩ ላይ ጨምረህ ነው አዲስ የምትይዘው፤ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም እንደዚያው ነው። ዳኒ የዘፈኑን ፎልደር በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ። ሃርድ ዲስኩን አዲሱ ላይ ሰክቶ አንድ ዘፈን ከፈተ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። «ይሠራል» አለ። ከድር አሮጌውን አንስቶ «ይሄንንስ ጨረሳችሁ?» አለን። ጨርሰናል አልነው። ተመራርቀን ወጣን።

ቅዳሜ ጠዋት ለነገው የሜቲ ሠርግ ወንበር ሳስጭን ዳኒ ከውስጥ ጠራኝ። ድምፁ ጥሩ አልነበረም።

«እትዬ፣ ቀለም የለም።»

«የምን ቀለም?»

«አረንጓዴም የለም፣ ቀይም የለም። ይዩት።»

አየሁት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። «ዘፈኖቹ ጠፉ?» አልኩት።

«ዘፈኖቹ አሉ፣ አንድም አልጎደለም። ዝርዝሩ ነው የቀረው። ፕሮግራሙ ዝርዝሩንና ቀለሙን የሚያኖረው ለካ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ ያነሳሁት የዘፈኑን ብቻ ነው።»

ጤፉንም ምስሩንም ባቄላውንም ያለ ጆንያ አንድ መኪና ላይ እንደ መገልበጥ በለው። እስቲ አንዱን ክፈተው አልኩት። ኪቦርድ ጀመረ፣ ቀስ ያለ፣ የሚያምር። «መዝሙር ነው» አልኩ። ከዚያ ሰውዬው ገባና ስለ ልጅቷ ወገብ ማውራት ጀመረ። ዳኒ ቶሎ አጠፋው። ዘንድሮ መዝሙሩም ዘፈኑም በአንድ ኪቦርድ፣ በአንድ ምት ነው የሚሠራው፤ ቃሉ እስኪገባ አይለይም።

«ከኢንተርኔት አታወርድም?»

«ኢንተርኔቱ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል። ቢሠራስ የጋሽ ቶሎሳን ካሴት ከየት አባቴ አመጣዋለሁ?»

ለከድር ብንደውል አያነሳም። ታክሲ ያዝን። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ፈቀቅ አይልም። ዳኒ ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ «ወንድሜ፣ ወንበሩን አፈረስከው» አለችው። ወርደን የቀረውን በእግር ሄድን። እኔ በዚህ ጉልበቴ።

ከድር ሲያየን ደነገጠ። «ማዘር! አዲሱ ተበላሸ እንዴ?»

«አሮጌው የት አለ?» አለው ዳኒ።

በጣቱ ጠረጴዛው ላይ አሳየን። ክፍት ነው፣ ስክሪኑ ንጹሕ። «ጠዋት እንደገባሁ ፎርማት አደረግኩት። ለሰው ልሰጠው ነው።»

ዳኒ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጨርሰናል አላላችሁኝም እንዴ?» አለ ከድር።

«ብለናል» አልኩት።

ነገሩን ስንነግረው ከድር ሱቁን በግማሽ ዘግቶ የጠፋ ነገር የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈተልን። ዘፈን ያወጣል። ዘፈንማ ሞልቶናል። ዝርዝሩ የለም። ቆይቶ ተስፋ ቆረጠና ወደ እኔ ዞረ። «ማዘር፣ ነገ የሚያስፈልጋችሁ የግማሽ ቀን አይደል? ለምን ሁሉንም ትሸከማላችሁ? ባዶ ፍላሽ ውሰዱ፤ ሰው ሰምቶ ያረጋገጠውን ብቻ እሱ ላይ ጫኑ። ፍላሹ ላይ የሌለ ነገር በሞንታርቦ አይወጣም።» ፍላሹን ከመደርደሪያው አውርዶ እጄ ላይ አደረገልኝ፤ ዋጋውንም አልነገረኝ።

ማን ይስማልን? ዳኒ ኦሮምኛ አይሰማም፤ እኔም ከሰላምታ አላልፍም። ለሜቲ ደወልኩ። ሠርጓ ነገ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እኛን የሚያዋርደን ነገር እሷንም ያዋርዳታል።

ቤቴ መጣች። ፀጉሯ ተጠቅልሎ ሻሽ ተደርጎበታል። «ይሄኛው እጄ አልደረቀም፣ ጥፍሬን እንዳትነኩብኝ» አለች።

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«ቀሚሴን ላሳጥር ሄድኩ ብያለሁ።»

የቤተክርስቲያናቸው ዘማሪ ናት። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ተቀመጠች። አንዱን ትሰማለች፣ ቃሉ እስኪገባ ትጠብቃለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዳኒ ፍላሹ ላይ ይጭናል። ብዙው ዘፈን ነው። አንዱ ላይ ሳቀች፤ «ይሄን ለከሰዓት ያዙልኝ!» ከቤት ስልክ መጣ። አላነሳችም። እንደገና መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ ተነሳች።

«የተጫነው ይበቃል?» አለች።

«ሽማግሌዎቹ ቶሎ ከወጡ ይበቃል» አላት ዳኒ።

«የኛ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ቶሎ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?» አለችና ሄደች።

እሁድ አስኮ፣ የጋሽ ቶሎሳ ግቢ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ በአንድ በኩል የቤተክርስቲያን ሰዎች፣ በሌላው የዘነበወርቅ ወገን። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፍላሹ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ መዝሙሩ ሄደ፣ ምሳ ተበላ። የተጫነው ሲያልቅ ዳኒ ከመጀመሪያው ይደግመዋል፤ ማንም አላወቀም። ትንፋሽ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ምርቃት ሊሆን ሲል የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ተነሱ። ማይኩን ይዘው በኦሮምኛ ተናገሩና ወደኛ ጠቆሙ። ጋሽ ቶሎሳ መጡ። «አንድ የድሮ መዝሙር ይከፈትልን ብለዋል። እኔ ያገባሁ ቀን የተዘመረ ነው። የካሴቴ መጀመሪያ ላይ አለ።» ብለው ተመለሱ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ዳኒ ራሱን ነቀነቀ፤ ፍላሹ ላይ የለም። ሜቲ አልደረሰችበትም።

ዳኒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩን ይስጡኝ። የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ካሴቱን ስቀዳ ሰምቼዋለሁ፣ መጀመሪያው ክራር ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ... ይመስለኛል።»

«በጆሮ ማዳመጫ ቀድመህ ስማው።»

«የላፕቶፑ ቀዳዳ አንድ ነው፣ የሞንታርቦው ገመድ ተሰክቶበታል። ነቅዬ እስክፈልግ ሰው ቆሞ ይቀራል። ልክፈተው፤ ካልሆነ ቶሎ አጠፋዋለሁ።»

ወገብ የሚለውን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ። «አልሰጥህም» አልኩት።

«እትዬ፣ እየጠበቁ ነው!»

«አይቻለሁ።»

ተነስቼ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ሄድኩ። «ያንን መዝሙር አልያዝነውም» አልኳቸው።

«እንዴት? ካሴቱን እኔ አይደለሁም የሰጠሁዎት?»

«ሰጥተውኛል። ኮምፒውተር ስንቀይር ከዘፈን ጋር ተደባለቀብን። ያልተጣራ ነገር እዚህ አልከፍትም።»

ፊታቸው ጠቆረ። ከዘነበወርቅ ወገን አንዱ «ዲጄው ጾም ያዘ እንዴ?» አለ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሜቲ ቀና አላለችም፤ አበባዋን ታያለች። ጋሽ ቶሎሳ እኔን አዩኝ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሽማግሌውን «ማይኩን ይስጡኝ» አሏቸው። አለቀልን አልኩ። ሠርጉ ተበተነ ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዘመሩ። ራሳቸው። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ዜማውንም እየሳቱ። ሽማግሌው ተከተሉ። ዘማሪዎቹ ተቀበሉ። ሜቲ ከወንበሯ ተነስታ አብራ ዘመረች። የዘነበወርቆቹ ቃሉን አያውቁትም፤ ግን ምቱን ሲይዙት ማጨብጨብ ጀመሩ። ዳኒ ምንም ሥራ ስላልነበረው እሱም አጨበጨበ።

ተመረቀ፣ ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጋሽ ቶሎሳ በኛ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። «እትዬ ብርቄ፣ አሁን የፈለጋችሁትን ክፈቱ። እኔ ጓሮ ነኝ።» ትንሽ ሄዱና ዞር አሉ። «ድምፁን ብዙ አትቀንሱት፤ ጓሮው ሩቅ ነው።»

ሰኞ ዳኒ ያን ሊከፍተው የነበረውን ትራክ አወጣው። ክራሩ ጀመረ፣ ቃሉ ገባ። መዝሙሩ ራሱ ነበር፤ እሱ ልክ ነበር። «አዩ እትዬ?» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት። «ዛሬም ቢሆን አልሰጥህም ነበር።»

የቀረውን ከሜቲ ጓደኞች ጋር እየሰማን ስንለይ ክረምቱ ገባ። እዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይሄን ነው። ኮምፒውተር ስትቀይሩ ዘፈኑን ከነዝርዝሩ አንሱ። ለእያንዳንዱም ስሙን ጻፉለት፤ ቀለም ብቻውን አይበቃም። አዲሱ አንድ ሠርግ ሠርቶ እስኪወጣ አሮጌውን ለማንም አትስጡ።