ጋሽ ለማ ስልክ አያጋድሙም

ስልክ ላይ ያለ ቅጥ የተለጠጠ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ። ልጅ እያለሁ፣ ወሎ ሰፈር ተከራይተን የምንኖርበት ቤት ሊሸጥብን የነበረው እንደዚያ ባለ ፎቶ ነው።

ግቢው የጋሽ ለማ ነበር። ዋናው ቤት አሮጌ ቪላ ነው፤ እኔና እማዬ ከጀርባው ባለችው ሰርቪስ ቤት እንኖራለን። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ እየፈረሰ ይሠራ ነበር። አየሩ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፣ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ትናንት ሱዚ የዘለልንበትን ሜዳ ዛሬ ታጥሮ እናገኘዋለን። ሰው ሁሉ ደላላ ሆኖ ነበር። ጋሽ ለማም ጡረታ ሲወጡ ደላላ ሆኑ፤ የመጀመሪያ ገበያቸውም የገዛ ቤታቸው ነበር። ቤቱ ከተሸጠ እኛ ሜዳ ላይ ነን፣ የእኔም ትምህርት ቤት ቀረ። እማዬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን ነገር አስቀምጣ ታዳምጣለች።

የእህታቸው ልጅ ናቲ ኮምፒውተር ለጥቂት ወራት ተምሮ "ዴቨሎፐር ነኝ" የሚል ጉረኛ ነበር። የሚሸጡ ቤቶችን የሚያሳይ አፕ ሠራላቸው። አፑ ውስጥ የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነው፣ የእኛው። ናቲ ፎቶውን ያነሳው ስልኩን አጋድሞ ስለነበር፣ ጋሽ ለማ ስልካቸውን አቁመው ሲያዩት ቤቱ ሚጢጢ ሆኖ መሃል ላይ ጉብ አለ፤ ከላይና ከታች ጥቁር በጥቁር።

"ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ ስልኩን ያጋድሙት፣ ይሞላል።"

"ሰው ፊት ስልክ አጋድሜ? ልተኛበት ነው? ይህን የሚያህል ስልክ የገዛሁት ግማሹ ጥቁር ለብሶ እንዲቀመጥ ነው? ሙላው!"

ናቲ ሞላው። መጀመሪያ ከላይ ሰዓትና ባትሪ የሚታይበትን መስመር አጠፋ፣ ከታች ያሉትን ቁልፎች ደበቀ። ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲጨንቀው ፎቶውን ወደ ላይና ወደ ታች ለጠጠው። አሮጌው ቪላ ፎቅ ሆነ። በሩ የቤተ ክርስቲያን በር አከለ። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ፎቶው ውስጥ የገባችው እማዬ የመብራት እንጨት መሰለች።

"ጋሼ፣ እማዬን ይዩአት እንጂ!" አልኩ በሳቅ እየፈረስኩ።

"አንቺ ዝም በይ። ሙሉ ነው።"

"ፉል ስክሪን" አለ ናቲ፣ ሮኬት ያመጠቀ ይመስል። ሁለቱም አንዴ እንኳ ቀና ብለው ፊታቸው የቆመውን ቤት አላዩም።

ጋሽ ለማ ያንን ስልክ ይዘው ካፌ ለካፌ ዞሩ። አንድ ቅዳሜ ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራ ሰውዬ ከነሚስቱ ይዘው መጡ። እማዬ በራችን ላይ ቆመች። ሰውዬው ግቢው መሃል ሆኖ ዞር ዞር አለ።

"ፎቁስ?"

"የምን ፎቅ?" አሉ ጋሽ ለማ።

ሚስትየዋ ስልኩን ተቀብላ ስልኩን አየች፣ ቤቱን አየች፣ እማዬን አየች። "እኚህ ረጅሟ ሴትዮ እርስዎ ነዎት?"

"እኔው ነኝ፣ የኔ እመቤት" አለች እማዬ። "ኑሮ አሳጥሮኝ ነው።"

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ባልየው ግን "ሕፃን አደረጉን እኮ!" ብሎ እጇን እየጎተተ ወጣ። ጋሽ ለማ እስከ አስፋልቱ ድረስ "ሙሉ ስለሆነ ነው፣ ሙሉ ስለሆነ ነው" እያሉ ተከተሏቸው። እማዬ በረጅሙ ተነፈሰችና "ይህን ክረምት እንኳ ተረፍን" አለችኝ።

የተረፍነውም ያን ክረምት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ሰውዬ መጣ። ፎቶ አልጠየቀም፣ ቤቱንም ዞር ብሎ አላየው። ቦታውን በእርምጃ ለካና ገዛ። ያ ሁሉ መለጠጥ ለሚፈርስ ግድግዳ ነበር።

ዛሬ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬን በአካል አይቻት አላውቅም። ባለፈው ጓደኛዬ ደውላ "ቤትሽ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ተለጥፏል፣ ብርድ ልብስሽ ሲያምር!" አለችኝ። ሥራ በሄድኩበት ደላሎች ከፍተው ገብተው፣ አልጋዬን ሳይቀር ፎቶ አንስተው ሄደዋል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አልተለጠጠም።

ጋሽ ለማን እስከ ዛሬ እንቃቸዋለሁ። ገዢ ይዘው ሲመጡ ግን ገና ከውጭ በሩ እማዬን "ብርቄ፣ እንግዳ ይዣለሁ፣ አይክፋሽ" ብለው ይጠሯት ነበር። እማዬም ነጠላዋን እስክታነሳ ደጅ ይጠብቋት ነበር።