ባዶው ማሽን

ባለቤቴ ሰሞኑን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ ጓዳችን ጥግ ተከለው። እየተንዘፈዘፈ ባጓራ ቁጥር በሐሳቤ ሳዑዲ፣ ጂዛን እመለሳለሁ። ሰው የሚናፍቀው ስንት ነገር ሞልቶ፣ እኔን የሚያባባኝ የማሽን ጩኸት ሆነና አረፈው!

በ2005 ዓ.ም. ሰዓዳ የምትባል ልጅና እኔ ጂዛን አንድ ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ በኮንትራት የሄድኩ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሥራዬ ወጥ ቤት፤ እሷ ከወሎ ተነስታ በየመን በኩል ባሕር አቋርጣ የገባች፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌላት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ሥራዋ ልብስ። ያቺ ልጅ ከነጋ አፏ አያርፍም። በዚያ ወበቅ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሩዝ ሳማስል፣ እሷ ከጎኔ ባለው የማጠቢያ ክፍል አንዷን ስንኝ ሃያ ጊዜ ትመላልሳታለች፤ ካልተስተካከለችላት አትተዋትም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት፤ ቢበዛ እስከ ምሳ ብትታገስ ነው። ማዳም ደግሞ አንድ ቀን ሰምታት ኖሮ፣ ሁለተኛ ስትዘፍን ብሰማ ከቤቴ ትወጣለች ብላ ዝታለች። ወረቀት ለሌላት ልጅ መውጣት ማለት ፖሊስ እጅ መግባት ነው።

እኔ እቴ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት ለጆሮዬ ብቻ ነበር። እሷ ስትጀምር ሄጄ ልብስ የሌለበትን ማሽን አስነሳና በሩን ዘግቼባት እመለሳለሁ። ድምጿ ይዋጣል፣ እኔም እፎይ እላለሁ። እሷ ግን ሁልጊዜ በፈገግታ ታየኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ሞኝ ናት እል ነበር።

በ2006 መግቢያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች አፈሳ ሲጀመር ማዳም ፈርታ አስወጣቻት። ታሰረች፤ ከዚያም አገሯ ገባች። ቤቱ ጸጥ አለ። የተመኘሁትን ካገኘሁ ወዲያ በማን ላይ ልነጫነጭ?

ዓመት ሳይሞላ፣ በሳተላይት የአገሬን ጣቢያ ብከፍት የዘፋኞች ውድድር ላይ ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፋ ቆማለች። በየሳምንቱ እሷ አለፈች፣ እኔ ሩዝ አሳረርኩ። የመጨረሻው ቀን ዳኛው የት እንደተለማመደች ጠየቃት።

«ጂዛን፣ ሰው ቤት» አለች። «ማዳም እንዳትሰማኝ ባዶ ማሽን የምታስነሳልኝ አስኩ የምትባል እህት ነበረችኝ። ድምፄን የሸሸገችልኝ እሷ ናት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አስኩ እኔ ነኝ፣ ጭልፋ ይዤ የቆምኩት። አንደኛ ወጣች።

አሁን እኔም አገሬ ገብቻለሁ፤ ስሟን የማያውቅ የለም፤ ቃለ መጠይቅ ባደረገች ቁጥርም ይህንኑ ትደግመዋለች። ዘመድ ይደውላል፣ ጎረቤት ያመሰግነኛል፤ እኔ ባልዋልኩት ውለታ መከራዬን ነው የማየው። ሁለት ጊዜ እውነቱን ልነግራት ስልክ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ «አንቺ ደግሞ ትሕትናሽ!» ብላ አቋረጠችኝ።

ይኸው አገር ምድሩ ያቺን ልጅ ለመስማት ይጋፋል። ለእኔ ግን ከጎኔ ነበረች። ያቺ ሃያ ጊዜ የምትመላልሳት ስንኝ ምን ትል እንደነበር ላስታውስ እታገላለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን የማሽኑ ጩኸት ብቻ ነው።