ዶክተሯን «ሲስተር» ያልናት ዕለት

ሐኪም ፊት ቆማችሁ «ሐኪም እስኪመጣ» ብላችሁ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ አንድ ሰውዬ ካርዱን የምታነብለትን ወጣት ሐኪም «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ይገባል?» ሲላት ሰማሁና ከወንበሬ ተነሣሁ። ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ቡታጅራ አዲስ የተመደብኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ክረምት ስለነበር ከቡኢ ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። እህቴ አበበች ምጥ ጠንቶባት ከዚያ በሚኒባስ መጣች። ባሏ ተክሌ በአንድ እጁ እሷን፣ በሌላው ለአራስ ገንፎ የሚሆን ቡላ በፌስታል ይዟል።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ቀጭን ወጣት መረመረቻትና ሕፃኑ በሆዷ ውስጥ ተጋድሟል፣ ቶሎ በኦፕራሲዮን ካልወጣ ሁለቱንም እናጣለን አለችን። የተክሌ ዓይን ግን አጠገቧ የቆመው ረጅም ወንድ ነርስ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሰውዬው ነርስ መሆኑን ነገረው።

«ዶክተሯ እኔ ነኝ» አለች ወጣቷ። ስሟ ሰናይት ነበር።

«ተይ እንጂ ሲስተር! ትልቁን ዶክተር ጥሪልኝ። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ማስረዳት አመሌ ነውና ጀመርኩ። ነርስም ጤና መኮንንም በየራሳቸው ትምህርት ይመረቃሉ፤ የሕክምና ዶክተር ግን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ስድስት ሰባት ዓመት ይማራል፤ መጨረሻውን ዓመት በየዋርዱ እያደረ ይሠራል። በታሪክ ትምህርት ዶክትሬት ይዞ ዶክተር የተባለ ሰው ደግሞ ቀዶ ጥገና አያውቅም እያልኩ ስቀጥል፣ አበበች ከአልጋው ላይ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ተክሌን አየች።

«አንተ ማስተማርህን አቁም፤ አንተም መጠበቅህን። ሆዱ የኔ ነው። እሷ ትክፈተው።»

ተክሌ ከአልጋው ፊት ገለል አለ። አልጋውን እየገፉ ወሰዷት።

ከቀትር በኋላ ሰናይት ማስኳን አውልቃ ወጣች። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናቲቱም ደህና ናት። ተክሌ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥሽ፣ ሲስተር» አለ።

«ዶክተር» አለችው። አልተቆጣችም፤ ግን ከበሩ ንቅንቅ ሳትል ቆማ ጠበቀችው።

«እግዜር ይስጥዎ፣ ዶክተር።»

ለአንዲት ቃል ምን ያከራክራታል ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አልስማማም። ተክሌ ማዕረጓን ሲነፍጋት፣ ሳያውቀው ሚስቱንም የሐኪሟን እጅ ነፍጓት ነበር። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሰውዬውን «ዶክተሯ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ይጠይቁ» አልኩት፤ ቅር ቢለውም ይበለው።

እናንተም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ስትቆሙ፣ ሴት ናት ወንድ ነው ብላችሁ ሙያውን አትገምቱ። «ሙያዎ ምንድን ነው? ምን ብዬ ልጥራዎ?» በሉ። እስቲ በሚቀጥለው ወረፋችሁ ሞክሩት።