አፍሬ ያልተረጎምኩት

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር አክስቴ ትመጣብኛለች። እዚህ እስራኤል ኤኮኖሚካ ነው የምንለው። ትናንት የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ኮሪደር ሲወለወል ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና ባለሁበት ደርቄ ቆምኩ። ወለሉን የምታጸዳው ሴት፣ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አሽቀሎን ከተማ፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በረንዳው ሲከፈት የባሕሩ ንፋስ እየገባ የተሰጣው አንሶላ ላይ ጨው የሚተው ቤት ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ባሏ ከሞተ በኋላ ከጎንደር ዘግይታ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። የራሷ ልጅ የላትም። አምስት ዓመት የሞላት ታናሽ እህቴን ግን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ስትስማት፣ ስታጎርሳት፣ ጸጉሯን ስትሠራላት ነው ከፋብሪካ መልስ የምታመሸው። አርብ አርብ የእኔንም ትሠራኝ ነበር። ስትጎነጉነኝ ያማል፤ ግን ጉልበቷ መሀል ተቀምጬ ማልቀስም ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ በጋ አንዲት የጤና አስተማሪ ለሰፈራችን ሰዎች ስለ ኤድስ ልትነግር ማትናስ መጣች። ማትናስ የሰፈሩ የስብሰባ አዳራሽ ነው። አስተርጓሚው ሳይመጣ ቀረ። እኔ በጎን ባለው ክፍል ዳንስ እለማመድ ነበርና እጄን ይዘው ከነላቤ መድረክ ላይ አወጡኝ። ማንም አልተገረመም። እኛ የመጤ ልጆች ተርጓሚ ሆነን ነው የምናድገው፤ ባንክ ቤት እኛ፣ ሐኪም ቤት እኛ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም እኛው። አስተማሪዬ "ሰነፍ ናት፣ ትረብሻለች" ስትል ለእናቴ "ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትጫወታለች" ብዬ የተረጎምኩ ልጅ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ እኮራ ነበር።

ፊት ለፊቴ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ መሀላቸው የአባቴ አጎት አለ። አክስቴ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። አስተማሪዋ በዕብራይስጥ፣ በሽታው ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግብረ ሥጋ፣ በደምና ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ተናገረች። ቤታችን ውስጥ ሴት አረገዘች ለማለት እንኳ ድምፅ ይቀነሳል። ያንን ቃል በአባቴ አጎት ፊት እንዴት አድርጌ ላውጣው? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"በሽታው በዕቃ ይተላለፋል። ብርጭቆና ሳህን ለዩ። የታመመ ሰው ልጅ አይሳም።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎንደር ሳሉ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ የምትቀመጥበት ጎጆ የተለየ ነበር፤ የምትበላበትም ዕቃ እንደዚያው። መለየት ለእነሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። "ይኸማ ድሮም የምናውቀው ነው፤ ተባረኪ ልጄ" አለኝ አጎትየው። አስተማሪዋ የተግባቡ መስሏት ፈገግ አለችና የመጨረሻውን ተናገረች። በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፣ በመሳም አይተላለፍም፤ የታመመባችሁን ሰው አታርቁት። አሁን ያልኩትን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ትላለች" አልኩና ወደ ዳንሴ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። አክስቴ ግን የራሷን ኩባያና ሳህን ገዛች። መታጠቢያ ቤቱን በተጠቀመች ቁጥር በኤኮኖሚካ ትፈትገው ጀመር፤ እጇ እስኪላጥ ድረስ። ጸጉራችንን መሥራት ተወች። ታናሽ እህቴ በሯ ላይ ቆማ ስታለቅስ ከውስጥ፣ "እጄ ቆሽሿል የኔ ዓለም፣ ኋላ" ትላታለች። ያ ኋላ አልመጣም። ልጅቷም ቀስ በቀስ ማንኳኳቱን ተወች። እኔ ደግሞ፣ ሞኟ፣ ደመወዝ ስታገኝ ኮራችብን ብዬ አኮረፍኳት።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አክስቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። አስተርጓሚ ሊጠሩላት ሲሉ እንቢ አለችና እኔን አስጠራች።

"አንቺ ተርጉሚልኝ" አለችኝ። "ያን ጊዜ ማትናስ ለሽማግሌዎቹ ስትተረጉሚ ሰምቼሻለሁ። አንቺን አምንሻለሁ።"

ሐኪሙ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ፣ ወደዚህ አገር ከመምጣቷ በፊት የያዛት እንደሆነ፣ መድኃኒቷ ጥሩ እየሠራ እንደሆነና ሳንባዋም እንደሚድን ነገረን። እሷ ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል። ገና ይህንኑ ሳልውጠው ሐኪሙ አልጋው አጠገብ በፌስታል የተቋጠረውን ኩባያዋን አሳየኝ። "ለምን በእኛ ብርጭቆ አትጠጣም? በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ንገሪያት።"

ነገርኳት። አክስቴ ደከም ባለ ፈገግታ አየችኝ። "ምን ነካሽ ልጄ፣ በዕቃ ይተላለፋል ብለሽ የነገርሽን አንቺው አይደለሽም?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ክሊኒክ፣ ኩፓት ኾሊም ያለው ሐኪምሽ አልነገረሽም?" አልኳት።

"የክሊኒኩ አስተርጓሚ ያገራችን ልጅ ናት። ዛሬ ብትሰማ ነገ ሰፈሩ ይሰማል። ብቻዬን እገባና የሚለኝን ሁሉ 'ኬን፣ ኬን'፣ አዎ አዎ ብዬ ክኒኔን ይዤ እወጣለሁ።"

ስለ በሽታዋ፣ ከስሙ በቀር፣ በገዛ ቋንቋዋ የሰማችው ብቸኛ ነገር የእኔ ውሸት ነበር። ማትናስ የመጣችውም ከሰው መሀል ተቀምጣ፣ ማንም ሳይጠረጥራት ስለ በሽታዋ ልትሰማ ነበር። ዛሬ ጤናዋ ከእኔ ይሻላል። ያን ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያን የዘለልኩትን ሁሉ፣ ያፈርኩበትን ቃል ጭምር፣ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጅቷን ልስማት እችል ነበር?" አለችኝ።

"አዎ አክስቴ።"

"አራቱን ዓመት ሙሉ?"



ከሆስፒታል የወጣች ቀን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሳሎን ተቀመጠችና ታናሽ እህቴን ጠራቻት። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣ እግሯ ረዝሞ ነበር። አክስቴ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት። ልጅቷ መሀል ምንጣፉ ላይ ቆመችና እናቴን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ራቅ ብላ፣ ለእንግዳ እንዳስተማርናት፣ "ሻሎም" ብላ ቀኝ እጇን ሰጠቻት።

አክስቴም ጨበጠቻት።