ማቃሰት የረሳችው ልጅ

ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን ጉንዳኒት እንላት ነበር። መቀመጫዋ ላይ ጉንዳን የፈሰሰባት ይመስል አንድ ቦታ አትረጋም። ከስፌት ማሽኗ ትነሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች፣ ማንም ያልጠየቃትን ውኃ ትቀዳለች። ተመልሳ ስትቀመጥ ደግሞ ቀኝ እግሯ ከማሽኑ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይናከሳል እንዴ?» ይላታል ጨርቅ ቆራጩ፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚሠሩት። ወንበር መናከሱን በምን ያውቃሉ?»

ሴቱ ሁሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል።

ስፌት ቤቱ ሰፊ አልነበረም። ዘጠኝ ማሽን በሁለት ረድፍ፣ መሐል ላይ የቆራጩ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የእንፋሎት ካውያ። ከጠረጴዛው በላይ የክፍሉን ግማሽ የሚሸፍን ቆጥ አለ፤ ያረፈውም በአንድ አግዳሚ ብረት ላይ ነው። ወለሉ እርጥበት ስላለው ጨርቅ ሁሉ ቆጡ ላይ ይወጣል። የተማሪና የነርስ ዩኒፎርም እንሰፋለን። የእኔ ሥራ ቁልፍ መትከልና የቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘም ስለሆነ ማሽን የለኝም፤ ከቆጡ ሥር፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል እቀመጣለሁ። ብዙ ስለማላወራ ብዙ አያለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው። አንድ ጣቃ ጨርቅ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። ጉንዳኒት ግን ብቻዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መሰላሉን ትወጣለች። ይህ ብቻ ቢሆን፣ ጠንካራ ልጅ ናት ብዬ አልፈው ነበር። የገረመኝ ጣቃውን ካስቀመጠች፣ እጇን ካራገፈች፣ ሁለት ደረጃም ከወረደች በኋላ ድንገት ትዝ ሲላት «ኧህህ!» ብላ ማቃሰቷ ነው። እናቷ የእኛው ልብስ ተኳሽ ነበረች። ከካውያው ጀርባ ሆና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ዘገየሽ እንደማለት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ወጥተው እኔ ቁልፍ እለቅማለሁ። ጉንዳኒት ከማሽኗ ብድግ አለችና ለመውጣት የበሩን እጀታ ያዘች። እጀታው እጇ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጨመቀ። ዞር ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ አዩ?»

«አላየሁም።»

«አይተዋል እንጂ።»

«እሺ፣ አየሁ» አልኳት፤ ውሸት አይሆንልኝም።

ታሪኳን የነገረችኝ ተቀምጣ አይደለም። በሁለቱ የማሽን ረድፎች መካከል ወዲያና ወዲህ እያለች ነው፤ እኔም ዐይኖቼን እያንከራተትኩ ሰማኋት። ዝም ብላ ስትቀመጥ ጉልበቱ ጣቶቿ ላይ ይጠራቀምና እንደ እሳት ይለበልባታል። ስትንቀሳቀስ ይቀላታል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመቷ ላይ የጎረቤት አናጢ እግሩ በግንድ ተይዞ ሲጮኽ፣ ግንዱን አንስታ ከጎኑ አጋደመችለት። አናጢው መረቃት። ሳምንት ሳይሞላ ግን ግማሹ ጎረቤት «እስኪ ይቺን ቁም ሣጥን አንሺልን» እያለ ይመጣል፣ ግማሹ ደግሞ ልጁን ከእሷ ይሰበስባል። ሰፈር ለወጡ። ሁለተኛው ሰፈር አስተማሪዋ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ!» አሏት። ታዛዥ ልጅ ናት፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። እስከ ዕረፍት ሰዓት ዴስኩ ለሁለት ተገመሰ። ደግሞ ለወጡ። ሦስተኛው ላይ አባቷ ዕቃ መጫን ሰለቸውና እነሱ ሲሄዱ እሱ ቀረ።

«ስለዚህ እማዬ ሕግ አወጣችልኝ» አለች። «ዕቃ በሁለት ጣት ያዢ። ሰው እያየ አትሩጪ። ስታነሺ አቃስቺ።»

«ማቃሰቱ ላይ ትዘገያለሽ።»

«አውቃለሁ! ከባድ ሳይሆንብኝ እንዴት ትዝ ይበለኝ?» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እትዬ፣ ይህን ቤት ግን መልቀቅ አልፈልግም። እማዬ እዚህ ጓደኛ አላት። እኔንም ቢሆን ሰው ሳይፈራኝ ሲያሾፍብኝ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ከታወቀ እንለቃለን። እንዳይነግሩብኝ።»

አልነገርኩም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር አልረጋ አልኩ፤ የእሷ ጉንዳን ወደ እኔም ተሻገረ። ዳቦዋን እየገመጠች ትወጣለች፣ እጅጌዋ ጭቃ ሆኖ ትመለሳለች። ቦይ የዘጋ ድንጋይ አንስታ ይሆናል፣ የወደቀ አጥር አቅንታ ይሆናል። በልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ላይ ካባ ለብሰው የሚበሩ ጀግኖች አሉ፤ እሷ ያላት የስፌት ቤት ሽርጥ ነው። አንድ ጊዜ ጎማው ጉድጓድ የገባበት የጭነት መኪና ስምንት ወንዶች ሲገፉ አገኘች። ከኋላቸው ገብታ በአንድ እጇ ገፋችና ስምንቱ «እኛ እኮ ቀላል ሰዎች አይደለንም!» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ጀርባ ሲደባብስ ትታቸው መጣች። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ ትልቁ ትዕዛዝ መጣ። ስልሳ ጣቃ በር ላይ ተራገፈ፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ብዙ ጣቃ ሲመጣ የሚያወጡልን ተሸካሚዎች ነገ ነው የሚመጡት። ጉንዳኒት ሌላው ምሳ በልቶ እስኪመለስ ስልሳውንም ቆጡ ላይ አወጣችው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ደስ ብሏት «ከማን ጋር አወጣሽው?» ብትላት «መንገደኞች አገዙኝ» አለች። ማንም ከዚህ በላይ አልጠየቀም።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። የቆጡን አቅም የምናውቀው በሚዛን ሳይሆን በተሸካሚዎቹ ማጉረምረም ነበር። ሃያ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ «በቃ፣ ቆጡ ጮኸ፣ ይብቃው» ይሉናል፤ የቀረው ኮሪደር ላይ ይደረደራል። አሁን ግን ያነሳው ሰው ክብደት አልተሰማውም፤ ስለዚህ ለማናችንም አልተሰማንም።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ የምተክለው ቁልፍ ላይ ኖራ ወረደ። እፍ ብዬ አራገፍኩት። እንደገና ወረደ። ቀና ስል የአግዳሚው ብረት አንድ ጫፍ ከግድግዳው እየወጣ ነው። መርፌዬን እንደያዝኩ አፍጥጬ ቀረሁ። ጉንዳኒት ግን ኖራውን ሳይሆን እኔን አይታ ተነሳች፤ ብረቱ ሲለቅ ከሥሩ ገብታ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ውጡ!»

ወጣን። ወይም የወጣን መሰለን። ልብስ ሰፊ መቀሱን ጥሎ አይሄድም፤ የእያንዳንዳችን መቀስ እጀታው ላይ የየራሳችን ቀለም ጨርቅ ታስሮበታል። ከበሩ ስድስታችን ለመቀሳችን ተመለስን። እኔም ተመለስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እትዬ! መቀሱን ይተዉት!» ስትል ያን ጊዜ አየኋት። ያ ረግቶ የማያውቅ እግሯ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ጉልበቱ እየተጠራቀመ ጣቶቿ ብረቱ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ፊቷ በላብ ርሷል። «ቶሎ በሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «መቆሙ ያቃጥላል።»

ሁላችንም ስንወጣ እናቷ ብቻ ቀረች። ከበሩ ሆኜ ስሰማ፣ «ቀስ፣ ልጄ። ቀስ። ወደ ጠረጴዛው» ትላታለች። ብረቱ የቆራጩ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ፤ ጣቃዎቹ እየተንከባለሉ ወረዱ። አቧራው ሲሰክን እናትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። ማንም አልተጎዳም።

ደጁ ላይ ልብሳችንን ከአቧራው አራገፍን። እናትየዋ ማንንም ሳታይ፣ «ነይ፣ ዕቃ እንሰብስብ» አለች።

«የት ልትሄጂ?» አለ ቆራጩ። «ምን የታየ ነገር አለ? እኔ ያየሁት አቧራ ነው።»

«እኔም አቧራ» አለች የመጀመሪያው ረድፍ ሰፊ።

«ኧረ እኔስ እሱንም አላየሁ!»

እናትየዋ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ የሕንፃ ተቆጣጣሪው መጣ፤ የራስ ቁር ያደረገ፣ ትሑት ወጣት። ቆራጩ የጣቶቿ ጉድጓድ እንዳይታይ ብረቱን ተደግፎ ቆመ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ብረቱ ቀስ ብሎ በራሱ ወረደ፣ ሰውም በደህና ወጣ ስትል አስረዳች። ተቆጣጣሪው ብረቱን ከወዲያና ከወዲህ ኳ ኳ አደረገ።

«ስልሳ ጣቃ ተሸክሞ ሰው እስኪወጣ ከጠበቀ ጥሩ ብረት ነው» አለ እየጻፈ። «የላላው የግድግዳው መያዣ ነው። እሱን አጥብቃችሁ ብረቱን ወደ ቦታው መልሱት። ከነገ ወዲያ ሥራ ትጀምራላችሁ።»

የስፌት ቤቱ ባለቤት እፎይ አለች። ጉንዳኒት ግን ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ጀመረች፤ አራት እርምጃ ሄዳ፣ አራት ተመልሳ። እናቷ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት። ጉንዳኒት ቆመች።

«ጋሼ፣ እስኪ ገለል ይበሉ።»

«ወገቤን አሞኛል፣ ልደገፍበት።»

«ጋሼ።»

ገለል አለ። አሥር ጉድጓድ ታየ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አስገባችባቸው፤ ልክ ነበሩ።

«የያዝኩት እኔ ነኝ። ብረቱ አልያዘም፤ መሐሉ ተሰንጥቋል፣ ሲሰነጠቅ እጄ ላይ ተሰምቶኛል። ጨርቁንም ያወጣሁት ብቻዬን ነው። እነዚህ ሰዎች ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉት። ከሥሩ ተመልሰው ሊቀመጡ ነው እኮ።»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የራሱን ጣት ከቶ ቶሎ አወጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በባትሪ መሐሉን ፈለገ፣ ፈለገ፤ እንደ ጸጉር የቀጠነች ስንጥቅ አገኘ። የጻፈውን ሰረዘ።

«ይህ ብረት ይወገዳል» አለ። ልጅቷን አያት። «እኔ ያየሁትን መጻፍ አለብኝ። ሊያነጋግርሽ የሚመጣ ሰው ይኖራል። የት ነው የምትኖሩት?»

ጉንዳኒት ወደ እናቷ ዞረች። የተያዘው እጅጌዋ እንደተያዘ ነው።

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው።

እናትየዋ የጨመደደችውን እጅጌ ለቀቀች፤ ጨርቁን በመዳፏ አስተካከለችው።

«ሁለተኛው በር» አለች። «አረንጓዴው። ደወሉ አይሠራም፤ ያንኳኩ። ቤት ነን።»