ጾም የሌለበት ረቡዕ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ቀሚስ ልንገዛ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ ቡቲክ ገባን። ዚፑ ከኋላ አልዘጋ ሲል እናቴ እየጎተተች፣ "አንቺ ልጅ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ነው እንዴ የምትውጪው?" አለችኝ። ሻጯ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። "ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ትቀንሳለች" ብላ እናቴ ያንኑ ጠባብ ቀሚስ ገዛችው።

ዐቢይ ጾም ገባ። በቤታችን "አልበላም" ያለ ልጅ ቁጣ ይጠብቀዋል፤ "እጾማለሁ" ያለ ግን ይመረቃል። እኔም እጾማለሁ አልኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ትንሽ ሰላጣ ነካክቼ እነሳለሁ። እናቴ ለቦሌ ሚካኤል ጎረቤት ሁሉ አወራችልኝ። የንስሐ አባታችን መስቀል ሲያሳልሙኝ "ጎበዝ ልጅ" አሉኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እኔ የማስበው ስለ ዚፑ ብቻ ነበር።

ፋሲካ ሲመጣ ዶሮውን "ሆዴ ተዘግቷል" ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ እናቴ ምሳ ስታቀርብ፣ "ዛሬ ረቡዕ አይደል? እጾማለሁ" አልኳት።

እጇ ቀጥ አለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም እኛ ቤት ሕፃን እንኳ ያውቃል።

"በበዓለ ሃምሳ? የምን ጾም ነው የምትጾሚው?"

እናቴ ተነሥታ ሹራቤን ገለጠችው። የጎኔን አጥንት ስታይ "ልጄን ገደልኳት!" ብላ ጮኸች። ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ "ቀስ በቀስ አብሏት" ተባለች። ከዚያ በኋላ "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" እያለች እያለቀሰች ታጎርሰኛለች፣ እኔም እያለቀስኩ እውጣለሁ። ፈርቼ ነበር፤ መዳን ፈልጌ ነበር።

ሠርጉ ደረሰ። ዚፑ ያለ ትግል ተዘጋ። አዳራሹ ውስጥ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ስታመጣ፣ የሙሽራዋ እናት አክስቴ መጥታ ወገቤን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ኧረ እንዴት አምሮባታል! ሞዴል አይደል እንዴ የምትመስለው! ምን ብታበያት ነው?"

እናቴን አየኋት። ስንት ቀን ያለቀሰ ፊቷ በራ። ኮራች።

"አይ፣ ተፈጥሮዋ ነው" አለች። ጉርሻውን እጇ ላይ ረሳችው። እኔም አላስታወስኳትም።